ታሽጎ ይሂድ ያልኩበት ወር

ሐሙስ 6

ጠያቂዋ ዛሬም ጻፈች። ሃያ ሦስት ጥያቄ፣ በቁጥር የተደረደረ፤ አሥራ አራተኛው ደግሞ ከሀ እስከ መ ተከፋፍሏል። ሴትዮዋን በአካል አይቻት አላውቅም። የፋርማሲዎቹ ድርጅት ፕሮግራመር ናት። ስልሳ ቅርንጫፍ ፋርማሲዎች የሚገለገሉበትን የሞባይል አፕ የምትሠራው እሷ ናት፤ አፑ የቆመበትን መሠረት፣ እኛ ማዕቀፍ የምንለውን፣ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማዕቀፉ ኔትወርክ ሲጠፋ የመድኃኒት ማዘዣውን ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ወደ ማዕከል ይልካል። አራት ዓመት ሆነው።

እስከ ዛሬ የምንሰጣቸው አሽገን ነው። የጻፍኩት ኮድ ማሽን ብቻ ወደሚያነበው ይቀየርና አንድ ፋይል ሆኖ ይሄድላቸዋል፤ ይጠቀሙበታል እንጂ ውስጡን አያዩትም። ችግሩ፣ አፕ መሥሪያው ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር የታሸገው ፋይል እምቢ ይላል። እኔ እንደገና አሽጌ እስክልክላቸው ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዘንድሮ ሦስተኛቸው ነው። አሁን ሰው የሚያነበውን፣ ምንጭ ኮዱን ስጡንና እኛው እንገንባው እያሉ ነው። እስከ 28 መልስ ይፈልጋሉ። ካልሆነ ሌላ ቤት ያንኳኳሉ። እነሱ ከሄዱ ከእህቴና ከእኔ ድርጅት የሚተርፈው በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻ ነው።

እህቴ ደብዳቤውን አንብባ "ስጣቸዋ፣ ምን ችግር አለው?" አለች።

"የመርህ ጉዳይ ነው" አልኳት።

ዓርብ 7

በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ። ምክንያቶቼን ለእህቴ በጽሑፍ ላቀርብ ነው። ምንጭ ኮዱን ካገኙት ይነካኩታል፤ ሲበላሽባቸው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፣ እኛ ላይ ይመጣል። ደግሞ ያን ሁሉ ሺህ መስመር ራሳቸው ሲገነቡ ኮምፒውተራቸው ያቃስታል፤ የታሸገው ግን ተገንብቶ አልቆ ነው የሚመጣው። ደግሞ የልፋታችን ምስጢር አለ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ማንም ፕሮግራመር ይመሰክርልኛል።

አራተኛ ምክንያት የለኝም። ሦስት ይበቃል።

እሑድ 9

እናታችን ቤት ዋልን። እህቴ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ከሰሰችኝ። "እማ፣ ማሙሽ ኮዱን አልሰጥም ብሎ ሰው እያስቀየመብኝ ነው።" ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በስብሰባ መሀል ሳይቀር ማሙሽ ትለኛለች፤ አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ የአባት ስሜን ጨምሮ "አቶ ማሙሽ" ብሎ ጽፎልኛል።

እናቴ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሰው ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ "እናንተ የምትሸጡት የተሰፋውን ነው ወይስ ቅዱን?" አለችኝ። የተሰፋውን ነው፣ እነሱ ቅዱን ከነስፌቱ ማየት ፈለጉ አልኳት።

"እኔ የሌላ ሰፊ ሥራ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ውጪውንማ ካውያም ያሳምረዋል።"

ከዚያ የለበስኩትን ጃኬት ጫፍ ያዝ አድርጋ ገለበጠችው። "የት ነው የገዛኸው?" ከሱቅ፣ አልኳት። "ያስታውቃል" ብላ መለሰችው። እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጃኬቴን ቆልፌ ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ 11

እህቴ ከአንድ አዲስ ደንበኛ ጋር በስልክ ስታወራ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። የግድግዳችን ቅጥነት እግዜር ያሳይህ ነው። "የሌሎቹ ዝም ብለው ነው የሚልኩት። የእኛ ግን ከመላኩ በፊት ቆም ይላል፣ ያጣራል። ድርብ ማረጋገጫ እንለዋለን። ወንድሜ ነው የፈጠረው፣ በዚህ በኩል ቀልድ አያውቅም።"

ወንድሟ በዚህ በኩል ሻዩ ትን አለው።

እሺ፣ ደብተሬ ነውና ልጻፈው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ለመጀመሪያው ደንበኛ ልናሳይ አንድ ቀን ሲቀረን፣ አንድ ብልሽት እምቢ አለኝ። ኔትወርክ ሲመለስ አንዱ ማዘዣ አልፎ አልፎ ሁለቴ ይላካል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ከመላኩ በፊት "ሁለት ሰከንድ ጠብቅ" የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ብልሽቱም ጠፋ። ለምን እንደጠፋም አላውቅም። እህቴ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲቆም አይታ "ምን እያደረገ ነው?" ስትለኝ "እያረጋገጠ ነው" አልኳት። ወደደችው። "እና ይጻፍበታ" አለች። ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ክብ ትዞራለች፣ ከሥሯ "መረጃው በጥንቃቄ እየተረጋገጠ ነው" ይላል። ከጀርባዋ የሚረጋገጥ አንድም ነገር የለም። ሁለት ሰከንድ መቁጠር ብቻ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የእኔ ግን ስሮጥ ታጥቄው አራት ዓመት ሳይፈታ ቆየ። ይሄም የሆነ የሙያ ብቃት ነው።

ከምንጭ ኮዱ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ 13

ብልሽቱን ዛሬ ካገኘሁት ክርክሩ ሁሉ ይቀራል ብዬ መስመሯን አወጣኋትና ለጋሽ ሰባሪ ሰጠሁት። ጋሽ ሰባሪ የሥራችን ፈታኝ ነው፤ የሠራሁትን ሁሉ እስኪሰበር ድረስ መደብደብ ነው ሥራው። ድሮ ስልክ ጠጋኝ ነበር። መሳቢያው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ አሮጌ ስልኮች አሉት፣ ሁሉንም በባሕርያቸው ያውቃቸዋል።

ከሰዓት በኋላ መጣ። "አንተ ልጅ፣ ሰነፏ ላይ ሁለቴ ተላከ። ኩሩው ላይም።" ሰነፏ መስታወቷ የተሰነጠቀው ናት፤ ኩሩው የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሁለቴ ተላከ ማለት፣ ፋርማሲው የአንድ ወር ክኒን ለወሰደ በሽተኛ የሁለት ወር ይመዘግብለታል። በሚቀጥለው ወር ሰውየው ሲመጣ "ወስደዋል" ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። መስመሯን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ክቧም መዞሯን ቀጠለች።

ዓርብ 14

አጭር። ከመስመሯ በላይ ማብራሪያ ጻፍኩ፣ "ለመረጃ ደህንነት ሲባል የተቀመጠ ሆን ተብሎ የታሰበበት መዘግየት"። ማብራሪያው ሰባት መስመር ሆነ፣ ኮዱ አንድ። አጠፋሁት። የራሴን ኮድ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ተጠርጣሪ ልብስ ሳለብሰው ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ብልሃት መጣልኝ። ምንጭ ኮዱን እንስጣቸው፣ ያቺ አንዷ ፋይል ብቻ ታሽጋ ትሂድ። ግማሽ ክፍት፣ ግማሽ እሽግ። ሁለቱም ወገን ይደሰታል። ለጠያቂዋ ጻፍኩላት፣ ኮራ ብዬ።

ዓርብ 14፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ

መልስ መጣ። ከእሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

"የታሸገችው ፋይል ውስጥ ምን አለ?"

ሰኞ 17

በስልክ ስብሰባ አደረግን፤ እህቴና እኔ በዚህ፣ ጠያቂዋና አለቃዋ በዚያ። ድምጿ እንደጠበቅኩት የሚያስፈራ አይደለም፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ ያለች ነው የምትመስለው።

"ማረጋገጫውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "ቅርንጫፎቹ ላይ ለካነው። ኔትወርኩ ፈጣን ሲሆን ሁለት ሰከንድ፣ ቀርፋፋ ሲሆን ሁለት ሰከንድ፣ ማዘዣው ረጅም ሲሆን ሁለት ሰከንድ። የሚጣራ ነገር ካለ አንዳንዴ እንኳ ከፍ ዝቅ አይልም ወይ?"

አፌን ከፈትኩ። እህቴ ቀደመችኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፣ ያንን የክብር ድምጿን አውጥታ፣ "ሁልጊዜ እኩል መሆኑ እኮ የጥራቱ ምልክት ነው። ወንድሜ ለትልቅም ለትንሽም ማዘዣ እኩል ነው የሚጠነቀቀው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ማዘዣ ሁለቴ ሄዶ አያውቅም። ይሄን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ማክሰኞ 25 እዚያው ድረስ መጥቼ፣ አለቆችዎ ፊት።"

አለቃዋ "ጥሩ፣ በጽሑፍ ይሁንልን" አለ።

ስልኩ ሲዘጋ እህቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "ሥራህን እንዲህ ስትነካካብህ ደሜ ፈላ" አለች። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን አራት ዓመቱ ነው፣ ዛሬ ሲነቅዝ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ 19

ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስንወጣ ልነግራት ወሰንኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ "እቴቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር" አልኳት።

ቆመች። "ልታገባ ነው?"

"አይ።"

"ታመምክ?"

"አይ፣ ደህና ነኝ።"

"እንግዲያው ከ25 በኋላ ንገረኝ" ብላ መውጣቷን ቀጠለች። አምስተኛ ፎቅ ድረስ ስለ ንግግሯ ስትነግረኝ ወጣን። ድርብ ማረጋገጫን በአራት ነጥብ ከፍላዋለች። እኔ እንኳ ያላሰብኩት ሁለት ነጥብ አለበት። ሦስተኛው ነጥብ በጣም ጥሩ ነው፣ የሆነ ቦታ እውነት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አለመናገሬ የእሷ ጥፋት ነው ማለት ይቻላል። እሷ ናት ከ25 በኋላ ያለችው።

ዓርብ 21

ከላይ የጻፍኩትን አነበብኩት። ሰው ለራሱ ደብተር ይዋሻል?

ጋሽ ሰባሪን በነገር ዳር ዳር ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ ያቺ ክብ ስትዞር ምን የምትሠራ ይመስልሃል?" መሳቢያውን ሳይዘጋ መለሰልኝ። "እኔ ስልክ ስጠግን፣ ብልሽቱን ሲያጣው ስልኩን አጥፍቶ አብርቶ 'ተሠርቷል' ብሎ የሚመልስ ጎረቤት ነበረኝ። ደንበኛው ይወደው ነበር፣ ፈጣን ነው ብሎ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደንበኛው ይመለሳል። እሱ በር ላይ ሚስቱን ያስቆምና 'የለም በይ' ይላታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሴትየዋ ነበረች።"

ስለ ጎረቤቱ ነው የነገረኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሑድ 23

እናታችን ቤት አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሚከተለውን አሰላሁ፤ ባልነግራት ማክሰኞ ትፈርማለች። ጠያቂዋ እንደሁ አትተወውም፣ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ወር ታገኘዋለች። ያን ጊዜ ፊርማው የማን ነው? የእህቴ። ፊት ለፊት ቆሞ የዋሸው ማን ነው የሚባለው? እህቴ።

ታሽጎ ይሂድ ስል የከረምኩት ስለ መርህ አልነበረም። ስለ ምስጢርም፣ ስለሚያቃስት ኮምፒውተርም አልነበረም። አፍሬ ነው። አንዲት መስመር ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ አራተኛው ምክንያት።

ሰኞ 24

ነገርኳት። በመኪናዋ ውስጥ፣ ቢሮው በር ላይ ቆመን፣ ሞተሩን ሳታጠፋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እስከ ግማሿ እሽግ ፋይል ድረስ። ስለ ብልሽቱ፣ ስለ ሁለቱ ሰከንድ፣ ስለ ክቧ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ቢያንስ መሪውን ትመታለች ብዬ ነበር። የመስታወቱን መጥረጊያ ታያለች።

"ሁለቴ ከመላክ ይጠብቃል?" አለች መጨረሻ ላይ።

"እስካሁን ጠብቋል። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"ማረጋገጫ ግን አይደለም።"

"አይደለም።"

መጥረጊያውን አስነስታ መልሳ አጠፋችው።

"አራት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ይሄን ስናገር፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር።"

ጥያቄ አልነበረም። ስለ ኮዱ አንድም ቃል አልጨመረችም። "ውረድ፣ ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው" አለችኝ። ወረድኩ። ሁለት ሰከንዱ አልነበረም የከነከናት። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ስደብቅ የከረምኩት እሱን ነበር። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ማክሰኞ 25

አራት ሰዓት። ገብታለች።

አምስት ሰዓት። ምንም።

ስድስት ተኩል። ጋሽ ሰባሪ ምሳ እንብላ አለኝ። አልበላም አልኩ። የእኔን ድርሻም በላው።

ዘጠኝ ሰዓት። ተመለሰች። በአጠገቤ አልፋ በሯን ዘጋች። ዛሬ እንኳ ግድግዳው ወፍራም ሆነብኝ።

ረቡዕ 26

የሆነውን ከጠያቂዋ ኢሜይል ነው የሰማሁት። እህቴ አራቱን ነጥቦች ይዛ ገብታ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ "ማረጋገጫ ብዬ የሸጥኩላችሁ ነገር ማረጋገጫ አይደለም። ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ" አለቻቸው። የእኔን ስም አላነሳችም። ምንጭ ኮዱን በሙሉ፣ ያቺንም ፋይል ጨምራ፣ እዚያው አስረከበች። አለቃው ተቆጥቷል። ውላቸውን ግን አላፈረሱም፤ ብልሽቱ በሁለት ሳምንት ከተገኘ ይቀጥላሉ፣ ካልተገኘ ይሄዳሉ።

ከታች ጥያቄዎቿ ነበሩ። አርባ አንድ። የመጀመሪያው፣ "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን እንየው? እኔ ልምጣ ወይስ እርስዎ ይመጣሉ?"

ሐሙስ 27

መጣች። አጭር ሴት ናት፣ ትልቅ ቦርሳ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ። ኮዴን ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ሰው ሥራህን ጮክ ብሎ ሲያነበው ለራስህ ጆሮ ባዳ ይሆናል። "ይቺ መስመር ለምን አስፈለገች?" ትላለች። እነግራታለሁ። "እሺ" ትላለች። አንዴም አልሳቀችም። ያቺ መስመር ጋ ስንደርስ ትንሽ ቆመችና "እኔም አንድ ቦታ ላይ አለችኝ፣ የእኔ ግን ሦስት ሰከንድ ናት" አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዓርብ 28

ተገኘ። ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ፈጅቶ። "ኔትወርክ መመለሱን የሚያዳምጠው ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች። "አንድ፣ ላኪው" አልኩ። "እርግጠኛ ነዎት?" ፈለግን። ሁለት ነው። ላኪውም ይሰማል፣ ዝርዝሩን የሚያድሰውም ይሰማል፤ እሱም ያልተላከ ካገኘ ይልካል። ሁለቱ እኩል ይነቁና አንዱ የላከውን ሳይሰርዝ ሌላው አንስቶ ይልከዋል። ሁለት ሰከንድ ሲዘገይ አንደኛው ቀድሞ ይጨርሳል፣ ለዚህ ነው ይጠፋ የነበረው። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ስለሆንኩ አንድ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት።

አንዱ ብቻ እንዲያዳምጥ አደረግን። ጋሽ ሰባሪ አሥራ ዘጠኙንም ስልክ ሲያሠቃይ አመሸ፤ አንድም አልደገመም። ቅር ብሎት ሄደ።

ለእህቴ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። "ጥሩ። ለእነሱ ጻፍላቸው" አለች። በስሜ ጠራችኝ። ማሙሽ ስትለኝ አናደደችኝ የምለው እኔ፣ ስሜን ስሰማው የሌላ ሰው ስም ሆነብኝ።

ሰኞ 8

አዲሱ አፕ ወጣ። ከአንድ ቅርንጫፍ አንዲት ፋርማሲስት ደወለች። "ምን ነካችሁ? ማረጋገጡን ትቷል። ዛሬ ነካ ሳደርገው ወዲያው ነው የሚሄደው። እንዴት ልመነው?" አስረዳኋት። "የድሮው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ያስብ ነበር" ብላ ዘጋችው።

ከእህቴ ጋር አሁንም በሥራ ብቻ ነው የምንነጋገረው። ፊርማ፣ ቀጠሮ፣ "ላክልኝ"፣ "ደረሰኝ"። የኮዱን ብልሽት ባገኝም የእኛን ማግኘት አቃተኝ።

ሐሙስ 11

ዛሬ አዲስ ደንበኛ ጋ ይዛኝ ሄደች። መኪናዋ ውስጥ ከነገርኳት ሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ የውሃ ጠርሙሶች። እንደ ድሮው ቆማ ጀመረች፣ አዲስ ወረቀት ይዛ።

"ኔትወርክ ሲጠፋ ማዘዣው ስልኩ ላይ ይቆያል" አለች። ከዚያ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች፣ ሰው ሁሉ እያየን። "እውነት ነው?"

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። "እውነት ነው" አልኩ።

"ሁለቴ አይላክም። እውነት ነው?" "አሁን፣ እውነት ነው።" "ከፈለጋችሁ ምንጭ ኮዱን፣ ካልፈለጋችሁ የታሸገውን እንሰጣለን። እውነት ነው?" "እውነት ነው።" በየዓረፍተ ነገሩ ትዞራለች። ሰዎቹ መጀመሪያ ተያዩ፣ በኋላ ለመዱት፤ አንደኛው ከእሷ ቀድሞ እኔን ማየት ጀመረ። እኔ ላብ በላብ ነኝ። አምስት ጊዜ እውነት ነው አልኩ።

ስድስተኛው "በማንኛውም ዓይነት ስልክ ላይ ይሠራል" የሚል ነበር። ዞረች። "እውነት ነው?"

ጋሽ ሰባሪ ዘንድ፣ ከአሥራ ዘጠኙ ሌላ፣ አፑ ጨርሶ የማይከፈትበት አንድ ስልክ አለ። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያውቅም። "አይደለም" አልኩ። "በጣም በቆዩት ላይ አይሠራም። ዝርዝሩን እሰጣችኋለሁ።"

እህቴ እስክሪብቶዋን አውጥታ ወረቀቷ ላይ ያለውን መስመር ሰረዘችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰዎቹ መልሳ ቀጠለች።

ሰባተኛውን ሳትጠይቀኝ አለፈች።